አሸንዳ ተገጥሞ ግድግዳው ለምን ይረጥባል?

ጥያቄ፦ ኮተቤ አካባቢ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ የጭቃ ቤት አለኝ። ባለፈው ግንቦት በፊትና በጓሮ በኩል የላሜራ አሸንዳ አስገጥሜ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን ዝናቡ በበረታ ቁጥር ውሃው በአሸንዳውና በግድግዳው መካከል እየወረደ ልስኑን አራገፈው፤ በጓሮ በኩል ደግሞ የግድግዳው ሥር እንደ ራሰ ከረመ። የገጠመልኝ ባለሙያ «አሸንዳው ጠቧል፣ በሰፊ ይቀየር» ይላል። ሌላ ወጪ ከማውጣቴ በፊት ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እባክዎ ለመቀየር አይቸኩሉ። ውሃው በፊተኛው ጠርዝ ሞልቶ ሳይፈስ ከኋላ በግድግዳው በኩል የሚወርድ ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአገጣጠሙ እንጂ ከአሸንዳው ስፋት አይደለም። የክረምቱ ዝናብ ብዙ መሆኑ እርግጥ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ስለሚሆን፣ 40 ካሬ ሜትር በሆነ የክዳን ጎን ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር ስድስት በርሜል ውሃ በአንዱ አሸንዳ ያልፋል። ይሁን እንጂ አፉ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አሸንዳ ቁልቁለቱና መውረጃው ከተስተካከሉለት ይህን ያህል ውሃ ይችላል።

መጀመሪያ ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መሰላል አስደግፈው ውስጡን ይመልከቱ። ውሃ የተኛበት ቦታ ካለ፣ ወይም ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጋግሮ ጥቁር መስመር ካበጀ፣ አሸንዳው በዚያ ቦታ ቁልቁለት የለውም ማለት ነው። ይህ ስሕተት የሚበዛው ገጣሚዎች ለዓይን እንዲያምር ብለው አሸንዳውን ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር አስተካክለው ስለሚያስሩት ነው። የጭቃ ቤት ክዳን ጠርዝ ደግሞ፣ በተለይ ቤቱ ዕድሜ ካለው፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አንዱ ወገን አዘንብሏል፤ ጠርዙን ተከትሎ የተሠራ አሸንዳ ውሃውን ከመውረጃው አርቆ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ልኩ መወሰድ ያለበት ከክዳኑ ሳይሆን ከውሃ ልክ ነው። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውስጡ የሚያሳይ ነጭ ላስቲክ ጎማ ውሃ ሞልቶ በሁለቱ ጫፍ እኩል ነጥብ ማውጣት፣ ከዚያ በመውረጃው በኩል ያለውን ነጥብ ለእያንዳንዱ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግና በመካከላቸው ሲባጎ መወጠር ይገባል። ለ10 ሜትር አሸንዳ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ማለት ነው። ከ12 ሜትር የሚረዝም ከሆነ ግን ከመሐል ከፍ አድርጎ በሁለቱም ጫፍ መውረጃ መስጠት ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ፣ ለገጣሚው ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት፣ ከመውረጃው በራቀው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱና የትም ሳይቆም ተጠርጎ መውረዱን ያረጋግጡ።

ለልስንዎ መራገፍ ግን እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው የቆርቆሮውን ጠርዝ ነው። ቆርቆሮው ወደ አሸንዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልገባ፣ ውሃው ከጠርዙ ላይ በመንጠባጠብ ፈንታ ከቆርቆሮው ሥር ተጣብቆ ወደ ኋላ ይመለስና እንጨቱን አርሶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ቆርቆሮው ካጠረ ክዳኑን መንቀል አያስፈልግም፤ ወደ ታች የታጠፈ የላሜራ ቁራጭ ከቆርቆሮው ሥር አስገብቶ ጫፉን ወደ አሸንዳው ውስጥ ማውረድ ይበቃል። በተጨማሪም የአሸንዳው የፊት ጠርዝ ከኋለኛው ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ያኔ አንድ ቀን ቢሞላ እንኳ የሚፈሰው ወደ ግቢው እንጂ ወደ ግድግዳው አይሆንም።

የመያዣ ብረቶቹ ርቀት ከ60 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ የአዲስ አበባ ዝናብ አንዳንድ ጊዜ በረዶ ይዞ ስለሚመጣ ክብደቱ አሸንዳውን ያጎብጠዋል። ሁለት ላሜራ በሚጋጠምበት ቦታ ውሃው የሚመጣበት በኩል ያለው ከላይ ይደረብ። አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፦ የመብራት ሽቦ በክዳኑ ጠርዝ በኩል የሚገባ ከሆነ፣ መስመሩ ሳይጠፋ ማንም ሰው ረጅም ላሜራ ይዞ መሰላል ላይ አይውጣ።

የግድግዳው ሥር የሚርሰው ምናልባት ሌላ ምክንያት አለው። መውረጃው ውሃውን የሚጥለው የት ነው? እዚያው መሠረቱ ሥር ከሆነ፣ አሸንዳው የሠራው ነገር ቢኖር በክዳኑ ሁሉ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ማፍሰስ ብቻ ነው። በቧንቧ ወይም ወደ ውጭ ባዘነበለ የሲሚንቶ ቦይ ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር ያርቁት። ቤትዎ በዋልካ አፈር ላይ ከቆመ ጉዳዩ ይብሳል፤ ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዚህ መካከል ግድግዳው ይሰነጠቃል። እኔ ብሆን አሸንዳ ሳስገጥም ሥራውን የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ውሃው የሚሄድበት ሳይታወቅ መያዣ ብረት አልመታም።

ጥያቄ፦ የአሸንዳውን መውረጃ ከሽንት ቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ጋር ማገናኘት ይቻላል?

መልስ፦ አይገባም። ታንኩ የተሠራው ለቤት ፍሳሽ በመሆኑ አንድ ከባድ ዝናብ ሊሞላውና ቆሻሻውን ወደ ግቢው ሊመልሰው ይችላል። ውሃው ለልብስና ለአትክልት ስለሚጠቅም ወደ ሮቶ ቢገባ ይሻላል። ሆኖም የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ዝናብ ይድፉት፤ ሮቶው ሲሞላ የሚተርፈው ውሃም ከመሠረቱ የሚርቅበት ቧንቧ ይበጅለት።