«ያጠባል» ወይስ «ያጠብባል»? የአድሬናሊን ተቀባዮችና የግሦቻቸው ባለቤቶች

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ለነርስ ተማሪዎች የሰውነት አሠራር አስተምራለሁ። በአማርኛ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «አልፋ ሁለት ተቀባይ የአስተላላፊውን ልቀት ያግዳል፤ አልፋ አንድ ተቀባይ ደግሞ የደም ሥሩን ያጠባል» ብዬ ብጽፍ ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። ስሕተቴ የት ላይ ነው? «ተቀባይ» የሚለው ቃልስ በሕዋስ ላይ ሆኖ ምልክት ለሚቀበለው ለዚህ ነገር (receptor) ይሆናል?

መልስ፦ ተማሪዎችዎን ያሳቃቸው «ያጠባል» የሚለው ግሥ እንደሚሆን እገምታለሁ። «አጠበበ» እና «አጠባ» የተለያዩ ግሦች ሲሆኑ፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱም «ያጠባል» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። በንግግር «ባ» ሲጠብቅ ነገሩ ማጥበብ፣ ሲላላ ጡት ማጥባት ይሆናል፤ በጽሑፍ ግን አልፋ አንድ ተቀባይ የደም ሥርን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲያጠባ ይታያል። መፍትሔው «ያጠብባል» ብሎ ሁለቱንም «በ» መጻፍ ነው።

ይህ ሲስተካከል ግን ሌላ ጉድለት ብቅ ይላል፤ እሱም የባለቤት ጉድለት ነው። ከሲምፓቴቲክ ነርቭ (ሰውነትን ለአደጋ ከሚያነቃው ነርቭ) ጫፍ የወጣው ኖርአድሬናሊን የተባለው ኬሚካዊ አስተላላፊ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ካለው አልፋ አንድ ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ፣ በጡንቻው ሕዋስ ውስጥ የካልሲየም መጠን ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት የደም ሥሩን እንደ ቀለበት የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ጡንቻው ሲኮማተር ደም የሚያልፍበት ቀዳዳ ይጠብባል። ስለዚህ የሚኮማተረው ጡንቻው፣ የሚጠብበው ቀዳዳው፣ ምልክቱን የሚያስተላልፈው ተቀባዩ ነው። የጀጎል ውስጥ መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው እንላለን፤ ተኮማተሩ ግን አንልም፤ ግድግዳቸው ድንጋይ ነውና። የደም ሥር ሁለቱንም ግሦች የሚቀበለው ግድግዳው ሕያው በመሆኑ ነው። በገበያ ውስጥ በክር የሚታሰር ከረጢት አይተው ከሆነ፣ ክሩ ሲሳብ አፉ የሚጠብበት መንገድ ለተማሪ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ «ሸመቀቀ» የሚለውን ግሥም ለመግለጫ ቢጠቀሙበት አልቃወምም።

«ልቀት» የሚለውን ቃል ግን ቢተዉት እመርጣለሁ። ስለ ጋዝ ልቀት የሚናገር ሰው «ለቀቀ» ከሚለው ያመጣዋል፤ «የልቀት ማዕከል» የሚል ሰሌዳ የሚሰቅል ተቋም ደግሞ «ላቀ» ከሚለው። በማስታወሻዎ የአስተላላፊው ልቀት ታገደ ሲባል፣ ብልጫው የተነፈገ ንጥረ ነገር ያለ ይመስላል። «መለቀቅ» ይበሉት፤ ረዘም ቢልም አያሳስትም። የአማርኛ የግሥ ቅርጾች እዚህ ላይ በእጅጉ ያግዙናል፦ ነርቩ ይለቅቃል፣ ኖርአድሬናሊኑ ይለቀቃል፣ ከውጭ የመጣ ነገር ደግሞ ያስለቅቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ከነርቭ ጫፍ ኖርአድሬናሊንን የሚያስለቅቅ በመሆኑ፣ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ልቡ መምታቱን ሊያፈጥን፣ የደም ግፊቱም ከፍ ሊል የሚችልበትን ምክንያት ለሐረርና ለድሬዳዋ ተማሪ በዚህ አንድ ግሥ ማስረዳት ይቻላል።

«ያግዳል» የሚለውም ከልክ በላይ ነው። በነርቩ ጫፍ ላይ ያለው አልፋ ሁለት ተቀባይ የሚያገኘው ያው ነርቩ ራሱ የለቀቀውን ኖርአድሬናሊን ነው፤ ሲያገኘውም ወደ ነርቩ ጫፍ የሚገባውን ካልሲየም ስለሚቀንስ ቀጥሎ የሚለቀቀው መጠን ያንሳል። መለቀቁ ጨርሶ አይቆምም። የጋሪ ነጂ ልጓም ሲስብ ፈረሱ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ያለ ነው፤ ለዚህም «ገታ ያደርጋል» የሚለው ይስማማዋል። «ማገድ»ን ተቀባዩን ለሚዘጉ መድኃኒቶች ያቆዩት፤ ለምሳሌ ፕራዞሲን አልፋ አንድን ያግዳል፣ ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ቤታ የተባለውን ሌላውን የአድሬናሊን ተቀባይ ያግዳል።

ስለ «ተቀባይ» የጠየቁት ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ ዕቃ ተቀብሎ ዝም የሚል ሰውም ተቀባይ ይባላልና። ሆኖም አማርኛ ቃሉን ለሌላም ያውቀዋል። መንዙማ ሲባል አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዮቹ ሰምተው ይመልሳሉ፤ ተቀባይነታቸው የሚታወቀው በመመለሳቸው ነው። የሕዋስ ተቀባይም ከውጭ ምልክት ሲደርሰው ወደ ውስጥ የራሱን ምልክት ስለሚልክ ቃሉ በልኩ የተሰፋ ነው ባይ ነኝ። «አልፋ» እና «ቤታ»ን ግን አይተርጉሙ። አሜሪካዊው የመድኃኒት ሳይንስ ተመራማሪ ሬይመንድ አልኩዊስት በ1948 እ.ኤ.አ. ተቀባዮቹን በሁለት ሲከፍል ለመለያ ብቻ የሰጣቸው ፊደላት ናቸው፤ «ቀዳማይ» ቢባሉ የሌለ ማዕረግ ይሰጣቸዋል። «አድሬናሊን»ም እንዳለ ይቀመጥ፤ ስሙ በላቲን «ከኩላሊት አጠገብ» ከሚል ሐረግ መምጣቱን ግን ለተማሪ መንገር አድሬናሊንን የሚያመነጨው ዕጢ የት እንዳለ ማስታወሻ ይሆናል።

ዐረፍተ ነገርዎን እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «በነርቭ ጫፍ ላይ ያለው አልፋ ሁለት ተቀባይ የኖርአድሬናሊንን መለቀቅ ገታ ያደርጋል፤ በደም ሥር ጡንቻ ላይ ያለው አልፋ አንድ ተቀባይ ደግሞ ጡንቻውን በማኮማተር የደም ሥሩን ያጠብባል።» ረዝሟል ብለው «በነርቭ ጫፍ ላይ ያለው» የሚለውን እንዳይቆርጡት አደራ እላለሁ። አልፋ ሁለት በደም ሥር ጡንቻ ላይም ይገኛል፤ እዚያ ሲነቃም ጡንቻውን ያኮማትራል። ክሎኒዲን የተባለው አልፋ ሁለትን የሚያነቃ መድኃኒት በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጥ የደም ግፊት መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ የሚወርደውም አንዱ ተቀባይ በተለያየ ቦታ የተለያየ ሥራ ስላለው ነው።