መጀመሪያ ግልገሉን አሙቂው፣ ወተቱ ይደርሳል

እህቴ፣ «ፍየሌ ትናንት ማታ መንታ ወልዳ አንዱን አላስጠጋ አለች፤ አቅም የለውም፣ ጡጦም አይስብም፤ የላም ወተት ልጋተው ወይ?» ላልሽው፦ አትጋቺው። በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ተወልዶ እናቱ ያልላሰችውን ግልገል መጀመሪያ የሚጥለው ብርድ ነው። ከብርድ የተረፈውን ደግሞ በግድ የሚጋተው ወተት ይጨርሰዋል።

1. ጣትሽን አፉ ውስጥ ክተቺ። ምላሱ ከቀዘቀዘና ጣትሽን ካልጠባ ወተት አፉ ጋ አይድረስ። የሰው ቴርሞሜትር በፊንጢጣው ሲለካ ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ከ37 በታች ከወረደ መዋጥ ያቅተዋል፣ ሆዱም አይሠራም፤ የጋትሽው ወይ ሳንባው ይገባል ወይ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። በማግስቱ ትንፋሹ ሲያጥር «ሳንባ ምች ያዘው» ይባላል፤ ያመጣው ግን የጋተው ሰው ነው።

2. ማሞቅ። በደረቅ ጆንያ እስኪደርቅ አሻሺው። ካርቶን ውስጥ ድርቆሽ ጎዝጉዢና ሙቅ ውሃ የሞላ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ ግራና ቀኙ አድርጊ፤ ያልተጠቀለለ ጠርሙስ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ምድጃ ዳር ማስተኛት የተለመደ ነው፣ ጭሱ ግን ለሳንባው አይበጅም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ከተወለደ አምስት ሰዓት አልፎት አንገቱን ማቅናት ያቃተው ግልገል ስኳሩ አልቋል። እንዲያው ብታሞቂው ተንዘፍዝፎ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከማሞቁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ሆዱ ላይ ግሉኮስ ይወጋዋል፤ አንቺ አትሞክሪው። ስትደውዪለት «ግሉኮስ ይዘህ ና» በይ፤ ደከመ ለተባለ ሁሉ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት) ወግተው ሒሳብ ተቀብለው የሚሄዱ ሞልተዋል። ኦክሲ ብርድ አያድንም።

3. ሞቆ ጣት መጥባት ሲጀምር እንገር ስጪው፣ የላም ወተት ሳይሆን የእናቱን እንገር። ግልገል በሽታ መከላከያ ይዞ አይወለድም፣ የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ያንን የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ ያውም በየሰዓቱ እየቀነሰ። «እንገር ያስቀምጠዋል» ብለው የሚደፉትን አትስሚ። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን በመጀመሪያው ቀን ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፣ በ50 በ50 አራት ጊዜ። እናቲቱን ጥግ አስይዢና ጡቷን የደፈነውን ሰም መሰል ነገር በጣት ጨምቀሽ አውጪ፤ ብዙ ጊዜ «ወተት የላትም» የሚባለው ይሄ ሳይወጣ ነው። አንደኛው ጡቷ ጠጥሮ ወይም ግሎ ካገኘሽ ግን ስታጠባ ስለሚያማት ነው የምትገፋው፤ ሕክምና ያስፈልጋታል።

ጡጦውን ስታቀርቢ እንደ ሕፃን አቅፈሽ አታንጋልዪው። በአራት እግሩ ቆሞ፣ አንገቱን እናቱ ሥር እንደገባ ሁሉ ዘርግቶ ይጥባ። እንዲህ ሲጠባ ወተቱ ትልቁን ሆድ አልፎ በቀጥታ መፈጨት ወዳለበት ወደ አራተኛው ሆድ ይገባል፤ ሲንጋለል ግን ወደ ሳንባው ይሄዳል። ጡጦው ሲገለበጥ ወተቱ ጠብ ጠብ ይበል እንጂ እንዳይወርድ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ ጫፉን ቀይሪው።

የላም ወተቱ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ይሆናል፣ እናቲቱ ጨርሶ እንቢ ካለች። አፍልተሽ፣ ክንድሽ ላይ ጠብ ስታደርጊው ለብ እስኪል አብርደሽ ስጪው። ውሃ አትቀላቅዪበት፤ ቀጭኑ ወተት ሆዱን ይነፋዋል እንጂ አያሳድገውም። ለሁለት ኪሎ በቀን ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር፣ በመጀመሪያው ሳምንት በአራት ከፍለሽ። ስለጮኸ አትጨምሪለት። ካስቀመጠው ከፋርማሲ ኦአርኤስ ገዝተሽ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጪና በወተቶቹ መካከል ስጪው፤ ወተቱን ግን ጨርሰሽ አትከልክዪው።

እናቲቱን ቶሎ ተስፋ አትቁረጪባት። ፍየል ልጇን የምታውቀው በጠረኑ ነው፣ ስለዚህ በሳሙና እንዳታጥቢው። ጀርባው ላይ ጥቂት ጨው ነስንሺ፣ እሷን አጭር አድርገሽ እሰሪያትና በቀን አራት አምስቴ አስጠጊው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙዎቹ ይለምዳሉ።

እትብቱን ደግሞ አልጠቀስሽም። አዮዲን ካልነካው አሁኑኑ በትንሽ ብርጭቆ ቀድተሽ ከነሥሩ ንከሪው፣ የመንታውንም እንደዚያው፤ ጉረኖው እርጥብ ከሆነ ማታም ድገሚላቸው።