አድማ ላይ ያለ ሰው አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል ገንዘብ) ያገኛል?

ጤና ይስጥልኝ። ሲያትል፣ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ነው የምሠራው። በቀን 14 ክፍል አጸዳለሁ፤ ማታ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። አድማ ለመምታት ድምፅ ሰጥተን፣ የፊታችን ሰኞ ልንወጣ ነው። ባልደረባዬ «አትፍሪ፣ በሳምንቱ አንኢምፕሎይመንት ይገባልሻል» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «የመንግሥት እርዳታ ከወሰድሽ ዜግነትሽ ይበላሻል» ይላል። ማመልከቻዬን ያስገባሁት ገና ባለፈው ወር ነው። እናቴም ደሴ ሆና የወሩን ትጠብቃለች። ማንን ልመን?

እህታችሁ ከሲያትል

እህቴ፣ ባልደረባሽ ገንዘቡ አለ ማለቷ ልክ ነው። ቀኑን ግን ተሳስታለች።

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አድማ ላይ ያለ ሠራተኛ እስከ 6 ሳምንት ሊከፈለው ይችላል። ሕጉን የፈረሙት ገዥው ቦብ ፈርጉሰን ናቸው። ግን አቆጣጠሩን እዪው። ሰኞ ከወጣሽ፣ ሁለተኛው እሁድ እስኪደርስ ምንም አይታሰብልሽም። ከዚያ ደግሞ የማይከፈልባት አንድ የመጠበቂያ ሳምንት አለች። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል አምስት ሳንቲም እንደማይመጣ አስበሽ ተዘጋጂ። ኪራዩን ደመወዝ ሳይቋረጥ አስቀምጪ። ለእማማም ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያት፤ ሳይነገራት ገንዘቡ ቢቀር ታመመችብኝ ብላ ነው የምትጨነቀው።

ባለቤትሽ የፈራው ብዙ አበሻ የሚፈራውን ነው። ግን አንኢምፕሎይመንት ኢንሹራንስ እንጂ ምጽዋት አይደለም። በዋሽንግተን መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። አንሶላ ስትቀይሪ፣ መታጠቢያ ቤት ስትፈትጊ በኖርሽበት ሰዓት የተከፈለ ነው። የሚገባሽን መውሰድ ዜግነትሽን አያበላሽም።

የሚያበላሽ ነገር ቢኖር ውሸት ነው። ፎርሙ ለምን ሥራ እንዳቆምሽ ሲጠይቅሽ «ሥራ ቀነሰ» ብለሽ እንዳትሞዪ። «አድማ» በይ። ሆቴሉንም መጠየቃቸው አይቀርም። ዩኒየኑ (የሠራተኛ ማኅበራችሁ) የሚሰጥሽ ገንዘብ ካለም አትደብቂ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ለአንኢምፕሎይመንት ቢሮው ደውለሽ «አማርኛ» በይ፤ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኙሻል። እባክሽ ልጆችሽን አታስተርጉሚ።

አንድ ነገር ግን ከሰኞ በፊት የዩኒየን ተወካያችሁን ጠይቂ፦ ውላችን አድማ ይከለክላል? አድማው ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ከተፈረደ የወሰድሽውን መልሺ ልትባዪ ትችያለሽ። መልሱን ካገኘሽ በኋላ የደመወዝ ወረቀቶችሽን አውጪና ሰዓትሽን ደምሪ። በሚቆጠርልሽ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 680 ሰዓት መሥራት አለብሽ።