ቺንጋው «ይጥበቅ» ነው «ይጠብቅ»?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ከአዳማ ነው የምጽፍልዎት። የቆየች ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ፣ ቺንጋም (ሞተሩ ዲናሞውንና ፓምፑን የሚያዞርበት ጎማ) ውሃ ፓምፕም ራሴ ነኝ የምቀይረው። ሀዋሳ ያለው ታናሽ ወንድሜ ተመሳሳይ መኪና ስላለው እንዴት እንደሚቀየር በስልክ ጻፍኩለት፣ «ብሎኑን ፍታው፣ ዲናሞውን ሳበው፣ ቺንጋው ይጠብቅ፣ ከዛ እሰረው» ብዬ። ደውሎ «ቺንጋው ምን እስኪሆን ነው የሚጠብቀው?» አለኝ፣ ብሎኑንም ጭራሽ ነቅሎ አውጥቶታል። ስህተቱ የኔ ነው ወይስ እሱ ነው ማንበብ ያቃተው? ደሞ ፓምፑ «ይፈሳል» ነው «ያፈሳል» የሚባለው?

መልስ፦ ወንድምህን አትውቀሰው፣ የጻፍክለትን ነው ያነበበው።

አማርኛ ውስጥ «ጠበቀ» የሚባል ግስ ሁለት አለ፣ አንዱ የ«ላላ» ተቃራኒ ነው፣ ሌላው ዘበኛ በር ላይ ቆሞ የሚሰራው ስራ ነው ወይም አንተ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትሰራው። በኃላፊ ጊዜ ሁለቱ አይለያዩም፣ «ቺንጋው ጠበቀ» እና «ዘበኛው ጠበቀ» በፊደልም በድምፅም አንድ ናቸው። ወደ «ይጠብቃል» ስትመጣ ግን አፍህ ይለያቸዋል፣ ብ-ን ረገጥ ካረግካት ዘበኛው ነው፣ ቀለል አርገህ ካለፍካት ቺንጋው ነው፣ ችግሩ ፊደላችን ይሄን አያሳይም፣ «ገና» ብለህ ስትጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚለው ይሁን እንደማያሳየው ማለት ነው። ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ የማድረግ ዘዴ አለ፣ ዩኒኮድም ምልክቱን ይዞታል፣ ግን ስልክ ላይ ሲጽፍ እሱን የሚያስገባ ሰው አይቼ አላውቅም። (በነገራችን ላይ ሰዋስው ተማሪዎች ይቺ ፊደል «ጠብቃ» ትነበባለች ያቺ «ላልታ» ሲሉ የሚጠቀሙት ቃል ጋራዥ ውስጥ ለቺንጋ የምትለውን ያንኑ ነው፣ ይሄ ደስ ይለኛል።)

ያንተ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ፊደሉን ማማረር አይቻልም፣ ምክንያቱም ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ጽሑፉም ራሱ ይለያል። ለሚላላና ለሚጠብቅ ነገር «ይጥበቅ» ነው፣ ለሰው «ይጠብቅ»። እንደዛው «መጥበቅ» እና «መጠበቅ»፣ «አጥብቀው» እና «ጠብቀው»። «ቺንጋው ይጠብቅ» ካልክ ቺንጋው እዛ ጋ ይቀመጥ፣ ይቆይ ነው ያልከው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። «እስኪጠብቅ» ብትል ኖሮ አሻሚ ነበር፣ እንደዛ አይነት ቦታ ላይ «እስኪወጠር» በላት ትገላገላለህ፣ መካኒኮችም ይሏታል።

ግን «ይጥበቅ» ብለህ ብታስተካክለው እንኳን አሁንም ጎዶሎ ናት፣ ምን ያህል? እዚህ ላይ ነው አማርኛ የሚያኮራው። «ጠበቅ አርገው» እና «ጥብቅ አርገው» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በመጠኑ፣ ሁለተኛው እስከመጨረሻው ነው፣ «ሰበር» እና «ስብር»፣ «ከፈት» እና «ክፍት» ላይ እንደምትሰማው። የማንም እናት ልጇን በሩን «ከፈት አርገው» ስትለው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተር ክዳን ከፈት እንኳን እንዳታረግ ስልህም ገብቶሃል፣ አዳማ ከፍታ ላይ ውሃ ክዳን ከሌለው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ክዳኑ አፍኖ ይዞት ነው ከዛ በላይ እየሞቀ ሳይፈላ የሚቆየው፣ ስለዚህ ስትከፍተው በአንዴ ገንፍሎ ፊትህ ላይ ነው።

ቺንጋ የሚፈልገው «ጠበቅ»ን ነው። በጣም ከላላ ጠዋት ስታስነሳው ይጮሃል፣ ይንሸራተታል፣ ባትሪው በደንብ አይሞላም፣ ፓምፑም ቀስ እያለ ስለሚዞር ሞተሩ ይፈላል። ይሄን የፈራ ሰው ደግሞ ጥብቅ ያረገውና የፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት) ይበላዋል፣ ከዛ አዲሱ ፓምፕ ሲጮህ ዕቃው ፎርጅድ ነው ብሎ ሻጩን ይሳደባል። መለኪያው፣ በሁለት ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ክብ ብረቶች) መሀል ረጅሙ ቦታ ላይ በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ዝቅ ካለ በቂ ነው፣ ጠበቅ ማለት ይቺ ናት።

ብሎኑን ነቅሎ ማውጣቱም ካንተው የመጣ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ፍታው» ለሁለቱም ይባላል፣ ለማላላትም ለማውጣትም፣ አጠገብህ የቆመ ሰው እጅህን እያየ ስለሚገባው ችግር የለውም። በጽሑፍ ግን እጅህ አይታይም፣ ስለዚህ «አላላው» እና «ፈተህ አውጣው» ብለህ ለያቸው። የዲናሞው ብሎን የሚላላ እንጂ የሚወጣ አይደለም። ፓምፕ ቅየራ ላይ ደሞ ልዩነቱ ይብሳል፣ የዲኤክሷ ቬንትሌተር (ማራገቢያው) ከነፑሌጃው ፓምፑ ላይ ነው የታሰረው፣ የሱን ብሎኖች ማላላት ያለብህ ቺንጋው ሳይወርድ ነው፣ ቺንጋው ፑሌጃውን ይዞልሃላ፣ ቺንጋውን መጀመሪያ አውርደህ ከሆነ ቁልፉን ባዞርክ ቁጥር ፑሌጃው አብሮህ እየዞረ ያናድድሃል። ማላላት በፊት ነው ማውጣት በኋላ፣ በመሀል ቺንጋ ማውረድ አለ፣ «ፍታው» የምትል አንዲት ቃል ይሄን ሁሉ ልትሸከም አትችልም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ቀላል ነው፣ ውሃው ይፈሳል፣ ፓምፑ ያፈሳል። ጣራው ያፈሳል እንጂ ጣራው ይፈሳል አይባልም አይደል? ሙሉ አጻጻፉ «ይፈስሳል» «ያፈስሳል» ነው፣ ስናወራ አንዷን ስ እንውጣታለን፣ እንደዚህ አይነት ጽሑፍ ላይ ብትውጣት አልቆጣህም። ግን ከሁለቱም በፊት «ያንጠባጥባል» የሚባል አለ፣ ለፓምፕ ደሞ ዋናው እሱ ነው። ፓምፑ አንገት ላይ ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው የተዋት፣ ውስጥ ያለው ውሃ መያዣ ጎማ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በዛች ይወጣል። ከዛ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ፓምፑ አልቋል፣ በማስቲሽ እንዳትደፍናት። ወንድምህ «እያፈሰሰ ነው» ብሎ ቢደውልልህ «ከየት? ያንጠባጥባል ወይስ ይወርዳል?» በለው፣ ይወርዳል ካለ ቱቦ ወይም ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል።

«ቺንጋ» ከጣልያን የመጣ ነው ብለህ ደሞ «የሞተር ቀበቶ» ምናምን እንዳትጽፍለት፣ ዕቃ መሸጫ ሄዶ ቀበቶ ቢጠይቅ የሱሪ ነው የሚያሳዩት።

እንግዲህ እንዲህ አርገህ መልሰህ ላክለት፦ «ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የዲናሞውን ማስተካከያ ብሎን አላላው፣ እንዳታወጣው፣ የታችኛውንም እንደዛው። ዲናሞውን ወደ ውጪ ሳበው፣ ቺንጋው ጠበቅ ይበል፣ በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ከዛ እሰረው። አዲስ ቺንጋ ይለጠጣል፣ ትንሽ ነድተህ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ድጋሚ ተጭነህ እየው።»

«እሰረው» ያልካት ልክ ናት፣ አልነካኋትም።