የዓመቱን ሽያጭ ለ12 አታካፍሉ፦ የሐዋሳ ነጋዴዎች የበጀት ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ለ14 ዓመት የሐዋሳ ምግብ ቤቶችንና ሱቆችን ሒሳብ ሠርቻለሁ። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ስለሚገባ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን አደራ፦ የሱቅና የቤት ገንዘብ አትቀላቅሉ።

የአቶቴዋ፦ ጋሼ፣ ቁርስ ቤት አለኝ። የዓመት ሽያጬን ለ12 አካፍዬ በጀት አወጣሁ። መጋቢት ላይ ገንዘብ አለቀብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ማካፈሉ ነው። እዚህ ከተማ ብር የሚገባው በወቅት ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ የሲዳማ ቡና ይለቀማል። ገበሬው እጅ ብር ሲገባ ጨርቁም ቆርቆሮውም ይሸጣል። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው፤ አልጋ ይጠፋል። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ የበዓሉ ቦታ ጉዱማሌ ይሞላል። የፍቼን ቀን አያንቶዎች (የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ኮከብ አይተው ስለሚያውጁት በጀትሽ ላይ በእርሳስ ጻፊው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን እንቁላልና ቅቤ የሚጠይቅሽ ይቀንሳል። መጋቢት ላይ የተያዝሽው ለዚህ ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። በደህና ወር 180,000 ብር ሸጥሽ እንበል። ግማሹ ለዕቃ ይሄዳል፣ 90,000 ይቀራል። ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት 60,000 ቢወስዱ 30,000 ተረፈሽ። በጾም ሽያጩ 100,000 ይሆናል። ከዕቃ የሚተርፈው 50,000 ነው፤ ኪራዩ ግን አይጾምም። በወር 10,000፣ በሁለት ወር 20,000 ጎደለሽ ማለት ነው። ያንን 20,000 ታህሳስ ላይ ሌላ አካውንት አስገቢው።

ጠዋት ከመሳቢያ ለልጅ ባጃጅ 50፣ ማታ ለለቅሶ 200 አውጥተሽ ደብተር ላይ ካልጻፍሽ ይሄ ሁሉ ስሌት ዋጋ የለውም።

ባለ ዓሣ ቤቱ፦ እኔ ግን በደንብ የምሸጠው በጾም ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያላችሁ መስክሩ።

የታቦር ልጅ፦ ዓሣ በጾም ይበላል እንዴ?

ባለ ዓሣ ቤቱ፦ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ።

የአቶቴዋ፦ እናቴ በጭራሽ አትነካም።

የታቦር ልጅ፦ አባቶች ከልክለዋል እኮ!

መልስ፦ ይሄን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። ለበጀት ግን ባለ ዓሣው ልክ ነው። የእሱ ወር የቁርስ ቤቷ ተገላቢጦሽ ነው፤ የጎረቤት በጀት አትቅዱ።

ባለ ስልክ ቤቱ፦ ዶላር ይጨምራል?

መልስ፦ ትንቢት አልናገርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከ120 አለፈ። በጀት የምትይዘው በምትተካበት ዋጋ ነው፤ የገዛህበትን እርሳው።

አዲስ ገቢ፦ ግብር ስንት እከፍላለሁ?

መልስ፦ ሽያጭህን ሳትነግረኝ? ገቢዎች ቢሮ ሂድ። ቫት የምትሰበስብ ከሆነ 15 በመቶው ያንተ አይደለም፣ አትንካው። ለሠራተኛ ጡረታም ያንተን 11 በመቶ ከደመወዙ ጎን ጻፍ።

የሞቢሉ፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ሰርቪስ ቤቶች ሠርቼ ላከራይ አስቤያለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ተከራይህ ደመወዙን ከማን ነው የሚያገኘው? ፓርኩ ሐምሌ 2008 ተመረቀ። ኅዳር 2014 የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከፓርኩ መውጣቱን አስታወቀ። በቀጣዩ ወር አሜሪካ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ዕቃ ወደ እሷ ከመላክ ዕድል፣ አገደችን። ዋሽንግተን የተወሰነ ነገር እዚህ ያለ አከራይ ቤት ይደርሳል።

ነሐሴ 2015ም አስታውስ። ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ሐዋሳ የነበሩት የድሮው ደቡብ ክልል ቢሮዎች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ሠራተኛውም አብሮ ሄደ። ቤቶቹን ሥራ፣ ግን በብድር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምር። በዓመት ሦስት ወር ባዶ ይቆያሉ ብለህ አስላ። ያኔም ብድሩን ከከፈለልህ ግባበት።

ዝምተኛው፦ ጥሩ ቢዝነስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምን ያህል ብር አለህ? ምን ትችላለህ? እሱን ይዘህ ተመለስ።

የመናኸሪያው፦ እኔም ሽያጬን ለ12 አካፍዬ ነበር...

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብበው እባክህ። የሱቅና የቤት ገንዘብም አትቀላቅል።

የአቶቴዋ፦ ጋሼ፣ አሁን መሳቢያውን ቆጠርኩ። 1,150 ብር የት እንደገባ አላውቅም።

መልስ፦ ጎበዝ። ነገም ቁጠሪ። የሳምንቱን ጽፈሽ አምጪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።