የባለቤትሽ ኢንሹራንስ ላይ ከመግባትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ላላነበበው ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው፦ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ነድተሻል። እንግሊዝ ከመጣሽ ዓመት አልፎሻል። አሁን ፕሮቪዥናል (የተለማማጅ መንጃ ፈቃድ) አውጥተሻል። ባለቤትሽ የራሱ መኪና አለው፣ ኢንሹራንሱም በስሙ ነው። "እኔን ቢያስገባኝ ምን ያህል ይጨምርበታል? ወይስ አጠገቤ ከተቀመጠ ይበቃል?" ነው ጥያቄው።

ከሁለተኛው ልጀምር። አይበቃም። "የባልሽ ኮምፕረሄንሲቭ (ሙሉ ሽፋን) ከሆነ ችግር የለውም" የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እኔንም ብዙ ሰው እንዲህ ብሎኛል። አገር ቤት ኢንሹራንስ ሲባል የምናስበው ከመኪናው ጋር ነው። የሦስተኛ ወገኑ ስቲከር መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ቁልፍ ተቀብሎ ይነዳል፣ አለቀ። እዚህ ግን ዋናው ነገር ወረቀቱ ላይ የማን ስም አለ የሚለው ነው። መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ ኖሮት አንቺ ስምሽ ከሌለ፣ አንቺ መሪውን በያዝሽበት ሰዓት ኢንሹራንስ የለሽም። ባለቤትሽ ጋቢና ተቀምጦ ቢያስተምርሽም የእሱ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው እሱ ሲነዳ ነው።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። ያለ ኢንሹራንስ የተያዘ ሰው 300 ፓውንድና መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ 6 የቅጣት ነጥብ ነው የሚጠብቀው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ ደግሞ የገንዘቡ ጣሪያ የለውም። ነጥቡ ፕሮቪዥናል ላይም ይጻፋል። ፖሊስ መኪናውን እዚያው ጭኖ ሊወስደው ይችላል። ቁልፉን የሰጠውም ሰው "አላወቅኩም" ብሎ አያመልጥም፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው እንዲነዳ መፍቀድም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። እና የኛ ሰው የሚወዳት አንዲት ዘዴ አለች፦ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ መለማመድ። "መንገድ አይደለም እኮ" ይባላል። ሕጉ የሚለው ግን መንገድ ብቻ አይደለም፣ ሕዝብ የሚገባበት ቦታ ሁሉ ነው። የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ደግሞ ሕዝብ የሚገባበት ነው። እዚያ ውስጥ የሰው ስፖኪዮ ብትነኪ ታሪኩ መንገድ ላይ እንደነካሽው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሁላችንም መጀመሪያ "ስንት ይጨምራል?" ነው የምንለው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ባለቤቴ ኩባንያው ጋ ደወለ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው፣ ሁለታችንም የኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተደግፈን እየሰማን ነው። ልጅቷ መጠየቅ ጀመረች። የትውልድ ቀን፣ ሥራ፣ እንግሊዝ አገር ከመቼ ጀምሮ እንደምኖር፣ የመንጃ ፈቃዱ ዓይነት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደያዝኩት፣ ባለፉት 5 ዓመታት አደጋ ወይም ቅጣት እንዳለብኝ። ከዚያ ሙዚቃ አሰማችን። ተመልሳ ዋጋ ነገረችን። ከዋጋው ላይ ስም ለመጨመር የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያም አለ። ዋጋው ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። ባለቤቴ "እሺ ይሁን" ሊል ሲል እኔ አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ እኔ ብገጭ የሚነካው የማን ኖ ክሌም ነው? "የፖሊሲው ባለቤት" አለች፤ ኢንሹራንሱ በስሙ ያለው ሰው ማለት ነው። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው።

ኖ ክሌም ማለት ሰውዬው ካሳ ሳይጠይቅ ለቆየባቸው ዓመታት የሚሰጠው ቅናሽ ነው። ባለቤቴ ያንን ቅናሽ በዓመታት ነው ያጠራቀመው። እኔ እንደ ተጨማሪ ሹፌር ገብቼ የሰው መኪና ፓራውልት ብገጭና ካሳ ቢጠየቅ፣ የሚወርደው የእሱ ቅናሽ ነው። በብዙ ኩባንያዎች አንድ ጥፋት የ5 ዓመቱን ቅናሽ ወደ 3 ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። በሚቀጥለው ዓመት እድሳት ላይ የሚመጣውን ዋጋ አስቢው። "ፕሮቴክትድ" የሚባለውን ገዝቶ ከሆነ ቅናሹ ይጠበቅለታል። ነገር ግን ቅናሹ የሚታሰብበት መነሻ ዋጋ ራሱ ሊጨምር ስለሚችል ሙሉ ለሙሉ አያድንም። ለአዲስ ሹፌር የሚከፈለው ኤክሰስም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። ማለትም አደጋ ቢደርስ ከኪሳችሁ የምታወጡት የመጀመሪያው ገንዘብ ይበዛል። ይሄ ነገር ዋጋው ላይ አይታይም፣ ወረቀቱ ውስጥ ነው ያለው። አንብቡት።

ስለዚህ እኛ ሌላውን መንገድ መረጥን። ለተለማማጅ ብቻ የሚሸጥ ለብቻው የሆነ ኢንሹራንስ አለ። በእሱ መኪና ላይ በአንቺ ስም ትገዢዋለሽ። ማርማሌድ፣ ቬይጎ፣ ኮሊንግውድ የሚባሉት ይሸጡታል፤ ሌሎችም አሉ። ለአጭር ጊዜ ይገዛል፤ እንደ ኩባንያው በሳምንት ወይም በወር። የባለቤትሽ ኢንሹራንስ እንዳለ ይቀጥላል። አንቺ ስትነጂ የሚሠራው ያንቺው ነው። ብትገጪ ካሳው የሚጠየቀው ካንቺ ፖሊሲ ስለሆነ የእሱ ኖ ክሌም አይነካም። ግን ቅድመ ሁኔታዎቹን እዩ፦ መኪናው የራሱ ኢንሹራንስ እንዲኖረው የሚጠይቁ አሉ፣ የመኪናው ዋጋ ከዚህ እንዳይበልጥ የሚሉ አሉ፣ አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው ዕድሜ ከ25 በላይ ይሁን የሚሉም አሉ።

እንግዲህ ሁልጊዜ እሱ ይሻላል ማለቴ አይደለም። የአክስቴ ልጅና ባሏ ለምሳሌ ስሟን እሱ ላይ ነው ያስገቡት። ባሏ ራሱ መኪና ከገዛ ገና ነበር። የሚጠፋ ኖ ክሌም አልነበረውም። የመንጃ ፈተና ቀጠሮ ደግሞ እዚህ እንደምታውቂው ወራት ይወስዳል። ያንን ሁሉ ወር በየወሩ ከመግዛት አንዴ ማስገባቱ ረከሰላቸው። ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የምታዪው፦ ባለቤትሽ የሚያጣው ቅናሽ ምን ያህል ነው፣ አንቺስ ለምን ያህል ጊዜ ነው የምትለማመጂው። ቅናሹ ብዙ ከሆነና ፈተናሽ ከቀረበ የብቻሽን ግዢ። ቅናሽ ከሌለው ወይም ፈተናው ሩቅ ከሆነ እሱ ላይ ግቢ። እድሳቱ የቀረበ ከሆነ ደግሞ ያንን ጠብቁ። መሀል ላይ የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ይቀርላችኋል፣ ከሌላ ኩባንያም ጋር ዋጋ ማወዳደር ትችላላችሁ። ተለማማጅ ጭራሽ የማይቀበል ኩባንያም አለ፤ የእሱ ከእነዚያ ከሆነ ጥያቄው በራሱ ተመለሰ።

አንድ ነገር ልጨምር። ተጨማሪ ሹፌር ሆነሽ ስትቆዪ ብዙ ጊዜ የራስሽ ኖ ክሌም አይጠራቀምልሽም። በኋላ የራስሽን መኪና ስትገዢ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው።

አሁን ስለ አዲስ አበባው መንጃ ፈቃድሽ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ መኖር ከጀመርሽበት ጊዜ አንስቶ ለ12 ወር ብቻ ነው የሚያስነዳሽ። ወደ እንግሊዝ መንጃ ፈቃድ አይቀየርም። ዓመቱ ካለፈ ምንም ያህል ልምድ ቢኖርሽ፣ መገናኛን በጥድፊያ ሰዓት ስታቋርጪ ብትኖሪም፣ እዚህ ለማጅ ነሽ። ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ስታዪ "የፈቃድ ዓይነት" የሚለው ጋ ሲደርሱ ብዙ የኛ ሰዎች ዋጋው ዝቅ ይላል ብለው "ሙሉ" ወይም "የውጭ አገር" የሚለውን ይነካሉ። አታድርጊው። አንቺ አሁን ፕሮቪዥናል ነሽ፣ እሱን ምረጪ። የ2012ቱ የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ የሚጠይቀው ለተጠየቅሽው ነገር ተጠንቅቀሽ እውነቱን እንድትመልሺ ነው። ሆን ብሎ ያሳሳተን ሰው ፖሊሲ ሊሰርዙበት፣ ካሳም ሊከለክሉት ይችላሉ። ለተጎጂው ሰው ከፍለው ደግሞ ገንዘቡን ከናንተ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ፣ ፍሮንቲንግ ይሉታል። መኪናውን በብዛት የምትነጂው አንቺ ሆነሽ፣ ዋጋው እንዲቀንስ "ዋናው ሹፌር እሱ ነው" ብሎ ማስመዝገብ ነው። በልምምድ ጊዜ ይሄ አያሰጋሽም። ካለፍሽ በኋላ ነው የሚመጣው። እሱ በባቡር ሥራ ይሄዳል፣ አንቺ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሻለሽ፣ ገበያ ትሄጃለሽ። ያኔ ዋናዋ ሹፌር አንቺ ነሽ። ማጭበርበር ነው የሚባለው፣ ቀልድ የለውም።

አጠገብሽ የሚቀመጠውን ሰው በተመለከተ፦ ዕድሜው ከ21 በላይ መሆን አለበት፣ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ከያዘም 3 ዓመት። ያ ፈቃድ የእንግሊዝ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ወይም እንደ ስዊዘርላንድና ኖርዌይ ያለ መሆን አለበት፤ የአዲስ አበባው 3 ዓመት አይቆጠርም። ስለዚህ ባለቤትሽ እዚህ ያለፈው አምና ከሆነ ኢንሹራንሱ ቢስተካከልም አጠገብሽ ሊቀመጥ አይችልም። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ የእሱ ፈቃድ ለአውቶማቲክ ብቻ ከሆነ በማንዋል መኪና ሊያስተምርሽ አይችልም። አንቺም በአውቶማቲክ ከተፈተንሽ የሚሰጥሽ የአውቶማቲክ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን ለምዶ ለመጣ ሰው ይሄ ትንሽ ያሳዝናል፤ ግን ለንደን ትራፊክ ውስጥ አውቶማቲክ ነው የሚያሳርፍሽ።

አጠገብሽ ተቀምጦ ስልክ መነካካት አይችልም። መጠጣትም እንደ ሹፌር ነው የሚቆጠርበት። ክርስትና ቤት ሄዳችሁ እሱ ጠጅ ቢጠጣ "በቃ አንቺ ንጂ" ማለት አይችልም። በዚያን ቀን ሁለታችሁም በአውቶቡስ ናችሁ። ሞተርዌይም (ፈጣኑ አውራ ጎዳና) ከእሱ ጋር አይገባም። ከ2018 ጀምሮ ተለማማጅ ሞተርዌይ የሚገባው ከሕጋዊ አስተማሪ ጋር፣ ድርብ ፍሬን ባለው መኪና ብቻ ነው። የኤል ምልክቱን (ተለማማጅ መሆንሽን የሚያሳየውን) ከፊትና ከኋላ ለጥፉ፤ ማግኔቱ በፍጥነት ስትሄዱ ሊወድቅ ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት ጫን አድርጉት። እሱ ብቻውን ሲነዳ ቢያነሳው ይሻላል።

(በነገራችን ላይ ባል ማስተማር የሚችል ሁሉ ባል ሚስቱን ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። "ፍሬን! ፍሬን!" እየተባለ አደባባይ መግባት የትዳር ፈተና ነው። እኛ መሠረቱን ከአስተማሪ፣ ልምምዱን ከእሱ ጋር ተከፋፈልነው፤ ሰላም ሆነ።)

ፈተናውን በእሱ መኪና መፈተን ትችያለሽ። ኢንሹራንሱ ፈተናውን እንደሚሸፍን አረጋግጪ። ለፈታኙ ተጨማሪ የውስጥ መስታወት ያስፈልጋል፣ በርካሽ ይገኛል። መኪናው ታክስ የተከፈለበት፣ መብራትና ጎማው ደህና መሆን አለበት። የሆነ ነገር ከጎደለ ፈተናው ይሰረዛል፣ ለሥራ ቀን ፈተና የተከፈለው 62 ፓውንድም ይቀራል።

ያለፍሽ ቀን ደግሞ ልብ በይ። ለተለማማጅ ብቻ የተገዛው ኢንሹራንስ ልክ እንዳለፍሽ ያበቃል። ፈታኙ "እንኳን ደስ አለሽ" ካለሽ በኋላ ወደ ቤት የሚነዳው ባለቤትሽ ነው። እሱ ፖሊሲ ላይ ተጨማሪ ሹፌር ሆነሽ ከነበረም ዝም ብለሽ አትንጂ። ደውላችሁ ፈቃድሽ መቀየሩን ንገሯቸው፣ ዋጋውም ሊቀየር ይችላል። ከዚያ በኋላ ባሉት 2 ዓመታት 6 ነጥብ ከሞላብሽ ፈቃዱ ተሰርዞ ከፕሮቪዥናል ነው የምትጀምሪው።

ስለ መኪናው ያልጻፍሽው አንድ ነገር አለ። ባለቤትሽ እንደ ብዙው ወንድሞቻችን ኡበር ወይም ሚኒካብ የሚሠራበት ከሆነ ከላይ ያልኩሽ አብዛኛው አይሠራም። የሥራ ኢንሹራንስ ላይ ተለማማጅ የማስገባቱ ነገር የማይታሰብ ነው ማለት ይቻላል፤ የተለማማጅ ኢንሹራንስ የሚሸጡትም የታክሲ ሥራ መኪና በአብዛኛው አይቀበሉም። ከለንደን ውጭ፣ ማንቸስተር ወይም በርሚንግሃም ከሆናችሁ ደግሞ ፕሌት (የታክሲ ሥራ ሰሌዳ) ያለውን መኪና የታክሲ ፈቃድ ካለው ሰው በቀር፣ ለወተት መግዣ እንኳ ቢሆን፣ ማንም እንዲነዳው ሕጉ አይፈቅድም። እንደዚያ ከሆነ ባለቤትሽ ላይ ስለመግባት አታስቢ፤ ያንን ገንዘብ አውጥተሽ በአስተማሪ መኪና ተለማመጂ።