ከእርሻዬ በላይ የሚያንዣብበው የጎረቤቴ ድሮን፦ መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ መኖሪያ ቤቴ እርሻዬ መካከል ነው፤ ከብትም አረባለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጎረቤቴ ካሜራ ያለው ድሮን ገዝቶ ጧትና ማታ በእርሻዬ ላይ ያበራል። አንዳንድ ጊዜም ከቤታችን ጀርባ፣ ቤተሰቤ በሚያርፍበት ጓሮ አናት ላይ አቁሞ ያቆየዋል፤ ላሞቹም በድምፁ ይበረግጋሉ። ሳናግረው «አየሩ የማንም አይደለም፣ መሬትህንም አልረገጥኩም» አለኝ። መትቼ ባወርደው እጠየቃለሁ? መክሰስስ እችላለሁ? የእኔም ልጅ ሰብሉን ለመቃኘት ድሮን ሊገዛ ስላሰበ ለእሱም የሚሆን ምክር ቢሰጡኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የሚኖሩበትን አገር ስላልገለጹልኝ የአንድን አገር ሕግ አንቀጽ ቆጥሬ ልመልስልዎ አልችልም። ይሁን እንጂ የእርስዎን የመሰለ ክርክር በልዩ ልዩ አገሮች ለፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል፤ ዳኞች የደረሱባቸው መርሆዎችም ስለሚቀራረቡ እነሱን መሠረት አድርጌ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቸኳዩን ላስቀድም፤ ድሮኑን በጥይትም ሆነ በድንጋይ አይምቱት። ድሮኑ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ የሌላውን ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት ካሳ ያስከፍላል፣ በአብዛኛውም በወንጀል ያስጠይቃል። በአሜሪካ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ ድሮን በፌዴራል ሕግ እንደ አውሮፕላን ስለሚቆጠር ሆን ብሎ ያወደመው ሰው እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት በሚያስቀጣ አንቀጽ ሊከሰስ ይችላል። በ2015 በኬንታኪ ግዛት አንድ አባወራ ከግቢው በላይ የመጣበትን ድሮን በጠመንጃ መትቶ ጣለው፤ ቢታሰርም የአካባቢው ዳኛ የወንጀል ክሱን ዘጉለት፣ የድሮኑ ባለቤት ያቀረበውም የፌዴራል ክስ በ2017 ውድቅ ሆነ። ይህን ዜና ይዘው «እንግዲያው መምታት ይቻላል» የሚሉ ሰዎች ወደ ቢሮዬ መጥተው ያውቃሉ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ግን መዝገቡን የዘጋው ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም በማለት እንጂ ድርጊቱን ሕጋዊ አድርጎ አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ኋላ እንደማስረዳው፣ ለክስዎ የሚበጀው ዋናው ማስረጃ እዚያው ድሮኑ ውስጥ ያለ በመሆኑ ሰባብረው ቢጥሉት የሚጎዱት ራስዎን ነው።

ጎረቤትዎ «አየሩ የማንም አይደለም» ማለታቸው ግማሽ እውነት አለው። ጥንት የመሬት ባለቤት የሆነ ሰው ከመሬቱ በላይ ያለውም ሁሉ እስከ ሰማይ የእሱ ነው ይባል ነበር፤ አውሮፕላን ከመጣ በኋላ ግን ይህ አባባል በዚያው ስፋት ሊጸና አልቻለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 ኮዝቢ በተባሉ ዶሮ አርቢዎች ጉዳይ የሰጠው ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የጦር አውሮፕላኖች ከእርሻቸው በላይ 25 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ሲያልፉ ዶሮዎቹ እየደነገጡ ከግድግዳ ጋር ይላተሙ ነበር፤ ወደ 150 የሚሆኑት በዚህ ምክንያት አለቁ። ፍርድ ቤቱ የጥንቱ አባባል በዘመናዊው ዓለም ቦታ የለውም ካለ በኋላ፣ ባለመሬቱ ቢያንስ ከመሬቱ ጋር አያይዞ ሊጠቀምበት የሚችለው የአየር ክፍል የእሱ እንደሆነና እንዲህ ዝቅ ያለና የተደጋገመ በረራ መብቱን እንደሚነካ ወሰነ። የእርስዎን ላሞች ሁኔታ ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይህ መዝገብ ነው።

ሁለተኛው በ1977 በእንግሊዝ አገር የተሰጠው የበርንስታይን ፍርድ ነው። አንድ ድርጅት የከሳሹን የገጠር መኖሪያ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አንስቶ ለራሳቸው ሊሸጥላቸው ሲያቀርብ ባለቤቱ በመሬታቸው አየር ላይ ያለፈቃድ ገብተዋል ብለው ከሰሱ፤ ተረቱም። ዳኛው የባለመሬት መብት መሬቱን በተለመደው አኳኋን ለመጠቀም ከሚያስፈልገው ከፍታ በላይ አይዘልም፣ ከከፍታ አንድ ጊዜ ማለፍና አንድ ፎቶ ማንሳትም ብቻውን ጥፋት አይደለም አሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ቤቱ ከአየር ያለማቋረጥ እየተሰለለ፣ የሚያደርገውም ሁሉ በፎቶ እየተነሣ የሚዋከብ ቢሆን ፍርድ ቤቶች መፍትሔ አይነፍጉትም ሲሉ አክለዋል። የእርስዎ አቤቱታ የሚቆመው በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ክርክርዎን «አየሩ የእኔ ነው» በሚል አይጀምሩት። ድሮኑ ስንት ጊዜ መጣ፣ ምን ያህል ዝቅ አለ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ካሜራውስ ወዴት ዞሮ ነበር የሚለውን ይያዙ።

ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ ይህን ያህል የሚያስጨንቀኝ፣ ሕግ ማሳንና ጓሮን በአንድ ዓይን ስለማያይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በኦሊቨር መዝገብ፣ እርሻው ታጥሮና «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተተክሎበት እንኳ፣ ከቤት የራቀ ክፍት ማሳ የግል ሕይወት ጥበቃ የለውም ብሏል፤ ቤቱንና ቤቱን የተጠጋውን ግቢ ግን ከዚህ ለይቷል። ይህ ውሳኔ ያለ ማዘዣ የገባ ፖሊስን የሚመለከት በመሆኑ ለጎረቤታሞች ክርክር እንዳለ አይወሰድም፤ ቢሆንም ዳኞች ልዩነቱን እንዴት እንደሚያስቡት ያሳያል። የበቆሎ ማሳዎ በቪዲዮ መታየቱ ብቻውን ብዙ ካሳ አያስገኝልዎትም፤ ቤተሰብዎ ያረፈበት ጓሮ መቀረጹ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚህ ወጣ ብሎ እርሻን በስሙ ጠርቶ የጠበቀ ሕግም አለ፤ የአይዳሆ ግዛት በ2013 ያወጣው ሕግ አንድን እርሻ ወይም የከብት እርባታ ዒላማ አድርጎ ያለባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ በድሮን መቅረጽን ይከለክላል፣ የካሳ ክስም ይፈቅዳል። በሚኖሩበት አገር ተመሳሳይ ድንጋጌ መኖር አለመኖሩን ጠበቃዎ መጀመሪያ ይፈትሹት።

ጎረቤትዎ «ለራሴ መዝናኛ ነው የምቀርጸው» ሊሉ ይችላሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ለግልና ለቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ በሚደረግ ቀረጻ ላይ አይጸናምና መከራከሪያው ባዶ አይደለም። ሆኖም የኅብረቱ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2014 በሪኔሽ ጉዳይ፣ አንድ ሰው ቤቱን ለመጠበቅ የሰቀለው ካሜራ ሕዝብ የሚመላለስበትን መንገድና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያ ጭምር የሚቀርጽ ከሆነ ቀረጻው የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ አይባልም ብሏል። ከራሱ ግድግዳ ላይ ያልተነቃነቀ ካሜራ እንዲህ ከተባለ፣ በሰው ጓሮ አናት ላይ የቆመ ካሜራ ከዚህ የተሻለ ማምለጫ ይኖረዋል ብዬ አልገምትም።

አሁን ወደ ማስረጃው ልምጣ፤ እንዲህ ያለ ክስ የሚሸነፈው በሕግ እጦት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በማስረጃ ማነስ ነውና። ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ይያዙ፤ ቀኑን፣ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት፣ የቆመበትን ቦታ፣ በዚያን ጊዜ ማን ምን ሲሠራ እንደነበረ፣ ከብቶቹም ምን እንደሆኑ በዚያው ሰዓት ይጻፉ። በስልክዎ ሲቀርጹት ድሮኑን ብቻ አጉልተው አያንሡት፤ በባዶ ሰማይ ላይ የምትታይ ጥቁር ነጥብ ለዳኛ ምንም አትነግርም። የቤቱን ጣሪያ፣ ምሰሶ ወይም ዛፍ በአንድ ምስል ውስጥ ያስገቡ፤ የጣሪያዎ ቁመት ስለሚታወቅ የድሮኑን ከፍታ ከዚያ ተነሥቶ መገመት ይቻላል። ላም ተሰብራ ወይም ጨንግፋ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪም ማስረጃ ያውጡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በጎረቤትዎ እጅ ነው። የዛሬ ድሮኖች አብዛኞቹ እያንዳንዱን በረራ ይመዘግባሉ፤ የነበሩበት ቦታና ከፍታ በየቅጽበቱ፣ በብዙዎቹም ካሜራው ምን ያህል ወደ ታች እንዳዘነበለ ሳይቀር በድሮኑ ውስጥ፣ በስልክ ወይም በመቆጣጠሪያው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በሚጽፉት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በረራው እንዲቆም ብቻ ሳይሆን የበረራ መዝገቡና ቪዲዮዎቹ እንዳይጠፉ በግልጽ ይጠይቁ። ከደብዳቤው በኋላ ቢያጠፏቸው ዳኛው ማጥፋታቸውን ራሱን በእሳቸው ላይ ሊተረጉመው ይችላል። ጎን ለጎንም ለአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያመልክቱ፤ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት ለተራ ድሮን አብራሪ የተፈቀደው ከፍታ 120 ሜትር ገደማ ሲሆን ድሮኑን ከዓይን ሳያርቁ ማብረርም ግዴታ ነው፤ ይህን መተላለፍ ባለሥልጣኑ ራሱ የሚቀጣው ጥፋት ነው። ደብዳቤውና ማመልከቻው ካልበቃ ፍርድ ቤቱ በረራውን በእግድ እንዲያስቆምና ሁከቱ እንዲወገድ ይጠይቁ፤ ካሳውን በዚያው ክስ ማጣመር ይቻላል። እኔ ብሆን እግዱን አስቀድማለሁ፤ ቤተሰብዎ የሚፈልገው ሰላሙን ነውና።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ከመግዛቱ በፊት የምዝገባውን ሁኔታ ያጣራ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አሻንጉሊት ካልሆነ በቀር ካሜራ ያለው ድሮን ከ250 ግራም ቢያንስም አብራሪው መመዝገብ አለበት። በአሜሪካ ደግሞ ብዙ ገበሬ የሚስተው ነገር አለ፤ ለገበያ የሚመረት ሰብልን ለመቃኘት ማብረር እንደ መዝናኛ ስለማይቆጠር፣ በራስ መሬት ላይ ቢሆንም የርቀት አብራሪ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የቀን ሠራተኞች ካሉዎት ድሮኑ የሚበርበትን ጊዜና ምክንያት አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቋቸው፤ ለሰብል ተብሎ የተቀረጸ ቪዲዮ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሲሆን ሌላ ክስ ይወልዳል። በድንበሩ ጥግ ሲያበር ካሜራውን ወደ ራሳችሁ ማሳ ያዙረው፤ የጎረቤት ግቢ ሳያስበው ከገባበትም ያን ክፍል ሳያስቀምጥ ያጥፋው፤ ክስ ከተጀመረ በኋላ ግን ምንም አያጥፋ። በችሎት የጎረቤትዎን የበረራ መዝገብ ሲጠይቁ፣ የእሳቸው ጠበቃ በአጸፋው የሚጠይቀው የልጅዎን ነው።